ከክሩዝ መርከብ የመውረጃው ቀን አስጨንቆኛል፣ እማዬን ይዤ ነው፣ የሄዳችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ

የሜሪላንዷ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ሳምንት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች (9 እና 5 ዓመት) እና እማዬ ሆነን ከፎርት ላውደርዴል የሚነሳ የ7 ሌሊት ክሩዝ ይዘናል፣ ሴንት ቶማስ ሴንት ማርተን ባሃማስ ደርሶ እዛው የሚመልስ ነው። ለሁላችንም የመጀመሪያችን ነው። ስለ መሳፈሩ ስለ ምግቡ ስለ ካቢኑ ያላየሁት ቪዲዮ የለም፣ ስለ መውረዱ ግን በደንብ የሚያስረዳ አንድ ሰው አጣሁ፣ ሁሉም "የመጨረሻው ጠዋት ትርምስ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

እኔን ያስጨነቀችኝ እማዬ ናት። 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰልፍ ላይ ብዙ መቆም አትችልም፣ እንግሊዝኛም አትናገርም። ግሪን ካርድ አላት። የመመለሻ በረራችን ወደ ባልቲሞር ነው፣ መርከቡ በሚገባበት ቀን ጠዋት 10:40 (በአሜሪካ ሰዓት)፣ ዋጋው ጥሩ ስለነበር ባለቤቴ ቶሎ ብሎ ገዛው። አሁን ሰው ሲነግረኝ አይደርስም የሚልም አለ፣ ይደርሳል የሚልም አለ። ደግሞ ሻንጣችሁን ማታ በር ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ጠዋት ታች ታገኙታላችሁ አሉኝ፣ ይሄ ነገር እውነት ያስተማምናል? ለእማዬስ ዊልቸር ይሰጣሉ ወይስ እኛ መያዝ አለብን? የምንከፍለውም በደቢት ካርድ ነው፣ እሱ ላይ የምታውቁት ነገር ካለ አትደብቁኝ።

ስድስቴ የሄድኩ፦

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እናትሽን ይዘሽ መሄድሽ በጣም ደስ ይላል። እኔ ከአትላንታ ነኝ፣ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለቱን ከአማቴ ጋር ስለሆነ ያንቺ ጭንቀት ይገባኛል። ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ በረራውን ቀይሩት። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን። ለምን መሰለሽ፣ መርከቡ ሌሊት 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ደርሶ ታስሮ ታዪዋለሽ፣ ሰው ግን አይወርድም፣ የወደቡና የኢሚግሬሽን ሰዎች ፈቃድ እስኪሰጡ ይጠበቃል። ፈቃዱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 7:30 ይሆናል። መጀመሪያ የሚወጡት ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው የሚወርዱት ናቸው፣ ከዛ በኋላ ሻንጣው ላይ ባለው ታግ ቁጥር ወይም ቀለም ተራ በተራ ይጠራሉ፣ የመጨረሻዎቹ 9:30 አካባቢ ይወጣሉ። ሰዓቱ እንደ መርከቡ ይለያያል ግን አካሄዱ ይሄው ነው። አሁን አስቢው፣ በመሃለኛው ቁጥር 8:30 ብትወጪ፣ ሻንጣ መፈለግ አለ፣ ፓስፖርት መታየት አለ፣ መኪና መጠበቅ አለ፣ ኤርፖርት ደግሞ ሻንጣ ማስገባትና ፍተሻ። ለ10:40 በረራ ሻንጣ የሚቀበሉሽ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ልጅና አንድ እናት ይዘሽ ይሄን ሩጫ ምን አመጣው። ከ12 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ውሰዱ፣ እኔ ብሆን 1 ሰዓት አካባቢ ያለውን ነው የምይዘው።

ሻንጣውን በተመለከተ አትፍሪ፣ ያስተማምናል። ከመውረዳችሁ አንድ ቀን በፊት ቁጥር ያለበት ታግ ካቢናችሁ ይመጣል፣ ወይም ከገስት ሰርቪስ (መርከቡ ውስጥ ያለው የእንግዶች መስተናገጃ) ትወስጂያለሽ። ቁጥሩ የመውረጃ ተራችሁ ማለት ነው፣ ካልተስማማችሁ ያኔውኑ ሄዳችሁ አስቀይሩ፣ ይቀይሩላችኋል። እያንዳንዱ ሻንጣ ላይ አስራችሁ ማታ ከ10 ወይም ከ11 ሰዓት በፊት (ትክክለኛው ሰዓት ወረቀቱ ላይ አለ) ኮሪደር ላይ ታወጣላችሁ፣ ጠዋት ተርሚናሉ ውስጥ በቁጥር በቁጥር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ያው ጥቁር ሻንጣ በሺዎች ነው የሚደረደረው፣ ስለዚህ ምልክት አድርጉ። አማቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለቱን ቀድዳ ለሁሉም ሻንጣ እጀታ አስራ ነበር፣ ከሩቅ አይተን ነው ያወጣነው። እንደዛም ሆኖ ከተርሚናሉ ሳትወጡ ስማችሁን አንብቡ፣ የሰው ሻንጣ ይዞ ኤርፖርት የደረሰ አይቻለሁ።

ሂሳቡን ደግሞ ማታውኑ እዩት። አፑ ላይ አለ፣ ካልሆነም ገስት ሰርቪስ ያትሙላችኋል። ያልጠጣችሁት ያልገዛችሁት ነገር ካለ ማታ ሄዳችሁ ስታወሩ አስር ደቂቃ ነው፣ ጠዋት ግን ሰልፉ ሌላ ነው፣ ከወረዳችሁ በኋላ ደግሞ ስልክና ኢሜይል ይሆናል። ቲፕ በየቀኑ በሰው ልክ ራሱ ሂሳቡ ላይ ይደመራል፣ የአምስት ሰው ለ7 ቀን ቀላል ስላልሆነ ስታዪው እንዳትደነግጪ ቀድመሽ አስልተሽ ያዢ። ደቢት ካርድ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። መርከቡ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ እየያዘ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ሂሳብ ተቆርጦም የተያዘው ቶሎ አይለቀቅም፣ እኔ የማውቃት ልጅ ከሳምንት በላይ ቆይቶባት የቤት ኪራይ መክፈያዋ ላይ ተቸግራለች። ክሬዲት ካርድ ካላችሁ እሱን አስመዝግቡ፣ ከሌላችሁ ካሽ ተቀማጭ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በገባችሁበት ቀን ጠይቁ።

ሾፌር 954፦

ሰላም ሰላም። እኔ እዚሁ ፎርት ላውደርዴል ነኝ፣ ኡበርም ሊፍትም እነዳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሥራዬ ፖርት ኤቨርግሌድስ፣ መርከባችሁ የሚቆምበት ወደብ ነው ብል ይሻላል፣ ስለዚህ ከመርከቡ ውጪ ያለውን እኔ ልንገርሽ።

ወደቡና ኤርፖርቱ ጎረቤት ናቸው፣ መንገድ ከሌለ አስር ደቂቃ ነው፣ ሰው በዚህ ይታለላል። አስር ደቂቃው መኪና ውስጥ ከገባሽ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድ በብርዱ ወራት አምስት ስድስት መርከብ በአንድ ጠዋት የሚገባበት ቀን አለ፣ ሁሉም በ8 እና በ9:30 መካከል ነው የሚያራግፉት፣ ያኔ የኡበሩ ዋጋም ይጨምራል መኪናውም ይጠፋል። ብትታገሱና 9:30 ላይ ብትጠሩ ዋጋውም ይቀንሳል፣ እኔም ተረጋግቼ አነሳችኋለሁ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ወደቡ ትልቅ ነው፣ የመንገደኛ ተርሚናሎቹ በቁጥር ናቸው፣ 2 አለ፣ 4 አለ፣ 18፣ 19፣ 21፣ 25፣ 26፣ 29። ተራ በተራ የተደረደሩም አይደሉም፣ አንዳንዱ ከአንዳንዱ በጣም ይርቃል። ሰው አፑ ላይ "ፖርት ኤቨርግሌድስ" ብቻ ብሎ ይጠራል፣ እኔ አንዱ ጥግ እሱ ሌላው ጥግ፣ ስንደዋወል ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ስትሳፈሩ የገባችሁበትን ተርሚናል ቁጥር ፎቶ አንሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትወርዱትም እዛው ነው፣ ስትወርዱ ደግሞ ቀና ብላችሁ አረጋግጡ። ደግሞ ሻንጣችሁን ሳታገኙ አትጥሩ፣ ውጪ መንገድ ዳር ቆማችሁ ነው የሚጠራው፣ ፖሊሶቹ ቆመን እንድንጠብቅ አይፈቅዱልንም።

አምስት ሰው ከነሻንጣው በትንሽ መኪና አይሆንም፣ ኤክስ ኤል ነው የምትጠሩት። ለ5 ዓመቷ (ወይም ለ5 ዓመቱ) ቡስተር ያዙ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እስከ 5 ዓመት የሆነው ልጅ ያለ ልጅ መቀመጫ አይሄድም፣ እኔም አልጭንም።

10:40ን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፣ 10:30 በረራ ያደረስኳቸው ሰዎች አሉ። ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው በመጀመሪያው ዙር የወጡ ወጣቶች ናቸው። የቀረባቸውንም አድርሻለሁ፣ አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ስታለቅስ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነበር፣ የዛን ቀን መርከቡ ራሱ ዘግይቶ ነው የገባው፣ የሷ ጥፋት አልነበረም። መርከብ ይዘገያል፣ አውሮፕላን አይጠብቅም።

የዳላሱ ወንድም፦

እኔ ትንሽ ለየት ልበል። ሁሉም ሰው ሻንጣህን በር ላይ አውጣ ይላል እኔ ግን አንድም ጊዜ አውጥቼ አላውቅም። ከጋልቨስተን ነው የምሄደው፣ ሁሌ ራሳችን ተሸክመን ነው የምንወርደው፣ ባለፈው 7:10 ላይ መሬት ረግጠን 7:30 መኪናችን ውስጥ ነበርን። ሻንጣሽ ካንቺ አይለይም፣ ማታም ጥርስ ብሩሼ የት ገባ ብለሽ አትጨነቂም፣ ተርሚናል ውስጥም ፍለጋ የለም። አምስት ሰው ናችሁ፣ ሁለት አዋቂ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ጎማ ያለው ሻንጣ ይገፋል፣ ምን ችግር አለው? እቃ መቀነስ ነው ዋናው። ለአንድ ሳምንት አምስት ትልቅ ሻንጣ የሚይዝ ሰው ራሱ ነው ጣጣውን የሚያመጣው።

ስድስቴ የሄድኩ፦

ወንድሜ ላንተ ልክ ነህ፣ ለሷ ግን አይሆንም። አንተ ወርደህ መኪናህን ነው የምታነሳው። ራሱ ተሸክሞ የሚወርደው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው ኤሌቬተሩ ላይ የሚረባረበው፣ አንዱ ሞልቶ ሲያልፍ ሌላው ሞልቶ ሲመጣ ሰው ሻንጣውን በደረጃ ይዞ መውረድ ይጀምራል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት እዛ መሃል ቆመው፣ ልጅ ተይዞ፣ ሻንጣ ተይዞ እንዴት ይሆናል። የመውጫው ድልድይም አንዳንዴ ቁልቁለት አለው። እሷ ሻንጣውን ማታ ታስረክብና ጠዋት በእጇ እናቷን ትያዝ።

ዊልቸሩን ሳልመልስልሽ ቀረሁ፣ ይሰጣሉ። ግን ጠዋት ተነስቶ የሚጠየቅ አይደለም፣ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ገስት ሰርቪስ ሄደሽ አስመዝግቢ፣ የት እንደምትገናኙና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግሩሻል፣ አንድ ሰው ገፍቶ ፍተሻውን ሁሉ አሳልፎ እስከ ውጪ መንገዱ ድረስ ያደርሳል። ለገፋው ልጅ ትንሽ ካሽ በእጅሽ ይኑር። ቤተሰቡ አብሮ ነው የሚሄደው፣ እናንተን አይለዩም።

የሲያትሏ፦

ይሄን ሳነብ የኛ ነገር ትዝ አለኝና ልጻፍልሽ፣ አንቺ ላይ እንዳይደርስ።

እናቴ ጠንቃቃ ናት፣ ግሪን ካርዷን ከዓይኗ አትለይም። የመጨረሻው ማታ ሻንጣ ስናሰናዳ እሷ "አንድ ቦታ ይሁን" ብላ ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን በመሃረብ ቋጥራ በትልቁ ሻንጣ ውስጠኛ ኪስ ከታ ዚፑን ዘጋችው፣ ማንም አልጠየቃት፣ እሷም ለማንም አልነገረች። ሻንጣው ኮሪደር ላይ ወጣ፣ ሄደ። ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ወረቀት አውጡ ስንል ፀጥ አለች። ያኔ ፊቷን ብታዪው። ሻንጣው አንዴ ከወረደ መርከቡ ላይ ሆነሽ አታገኚውም፣ የመርከቡ ሰዎች አንዲት ልጅ አብራን እንድትሄድ ልከው ታች ወርደን፣ እስክናገኘው ሁላችን ጥግ ላይ ተቀመጥን፣ የኛ ቁጥር ሻንጣ ደግሞ ገና አልተደረደረም ነበር። ተገኘ፣ አለፍን፣ ማንም አልተቆጣንም። እናቴ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ከሀገር የሚያስወጧት መስሏት ስትጸልይ ነበር፣ እስከ አሁን ስታወራው እጇ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሁሉንም ሰው ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አንቺ ራስሽ ማታ ሰብስቢ፣ ቆጥረሽ በአንድ ቦርሳ አድርጊ፣ ቦርሳውን ትራስሽ ስር አድርገሽ ተኚ።

የባሌም ነገር ነበር፣ ጫማውን ከሻንጣው ጋር አስወጥቶ ጠዋት በነጠላ ጫማ ነው የወረደው፣ ያውም ወደ ሲያትል ብርድ። ማታ ሻንጣ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ሰው የነገውን ልብስ፣ ጫማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ጃኬት አልጋው ላይ አስቀምጪና ከዛ ነው ሻንጣውን የምትዘጊው። የልጆቹን ለብቻ እዪ።

ሌላ ደግሞ ሰዓት። እናትሽ በኛ ሰዓት ከሆነ የሚቆጥሩት "ስምንት ከሩብ ላይ እንወርዳለን" ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ገና ብዙ ጊዜ አለ ብላ ተረጋግታ ፀጉሯን ስትሠራ ነው የደረስኩት። "ጠዋት ሁለት ከሩብ" በያቸው። ስልክም አይታመንም፣ ሴንት ቶማስና ሴንት ማርተን በብርዱ ወራት ከፍሎሪዳ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ፣ ስልክሽ ራሱን ሊቀይር ይችላል፣ መርከቡ የሚለውን ሰዓት ነው የምትከተዪው።

የሜሪላንዷ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ አሁን ራሴን ያዝኩ። የሲያትሏ እህቴ የናትሽ ነገር አሳዘነኝ፣ እማዬም ልክ እንደዛ ናት፣ ቋጠሮ ትወዳለች።

በረራውን ባለቤቴ ዛሬ ወደ 1:55 ቀየረው፣ ትንሽ ልዩነት ከፈልን ግን ይሁን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የምንሄደው በነቢያት ጾም ነው፣ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው (በኛ ሰዓት)። ያ ማለት ጠዋት ቁርስ አትበላም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ ነን። ከመርከቡ ቡፌ ዳቦና ፍራፍሬ ቋጥሬ ይዤላት ብወርድ ይቻላል? ሴንት ቶማስ ላይ ለእህቴ ሰርግ ትንሽ ወርቅም ልንገዛ አስበናል፣ እሱስ ይቀረጣል?

ስድስቴ የሄድኩ፦

ፍራፍሬውን ተዪው። ብርቱካን፣ ፖም፣ ሙዝ፣ የስጋ ሳንድዊች፣ ከመርከብ ይዞ መውረድ አይቻልም፣ ፖሙ ራሱ ከአሜሪካ የተጫነ ቢሆንም አይሰሙሽም፣ ከውጭ ሀገር እንደገባ ነው የሚቆጠረው። ምክንያቱ ተባይና የእፅዋት በሽታ ነው፣ ፍሎሪዳ ብርቱካን አብቃይ ስለሆነች በዚህ ቀልድ አያውቁም። የሚያሸቱ ውሾች ይኖራሉ፣ ሳይናገሩ ከተገኘ ቅጣት አለው። ዳቦና ብስኩት ግን ችግር የለውም። ከቤት ይዛችሁት የሄዳችሁት ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ካለም ምግብ ይዛችኋል ወይ ሲሉ አለ በሉና አሳዩ፣ አለ ያለ ሰው ቢበዛ ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም። ፍራፍሬውን ኤርፖርት ከፍተሻ በኋላ ግዢላቸው፣ አውሮፕላን ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይገድፋሉ።

ወርቁ፣ ከሌላ ሀገር ተመላሽ አንድ ሰው 800 ዶላር የሚያወጣ እቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ ሴንት ቶማስ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ስለሆነች እዛ ለተገዛ እስከ 1,600 ይደርሳል። በአንድ ቤት የምትኖሩ ቤተሰብ ስለሆናችሁ ተደምሮ ይቆጠርላችኋል። ደረሰኙን በእጅ ያዙ፣ በሻንጣ አይሁን። ወርቁም በሻንጣ አይሁን። እናትሽ ከቤት አድርገውት የሄዱት የራሳቸው ወርቅ አይቆጠርም። ከደሴቶቹ መጠጥ ከገዛችሁ መርከቡ ይዞባችሁ የመጨረሻው ማታ ነው የሚመልስላችሁ፣ ስለዚህ ትልቁን ሻንጣ ሳትዘጉ ጠብቁት፣ በእጅ ይዛችሁ ኤርፖርት ከሄዳችሁ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻው ላይ ይቀራል።

ነርሷ፦

መድኃኒትን ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው። እናትሽ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊትም የስኳርም የህመም ማስታገሻም፣ የሚወርዱበትን ቀንና የሚቀጥሉትን ሁለት ሶስት ቀን የሚበቃ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ካቢን ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ በር ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም፣ ጉዞና መድኃኒት አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አናግሩ፣ ይሄን በስልክም ይነግሯችኋል።

ሌላው፣ መሬት ከረገጡ በኋላ ወለሉ የሚንቀሳቀስ፣ አልጋው የሚወዛወዝ ሊመስላቸው ይችላል። ይሄ ስም አለው፣ ማል ደ ደባርክማ ይባላል፣ አንጎል የባህሩን ውዝዋዜ ለምዶት ገና ስላልተወው ነው። አብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ያን ሰሞን ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ መብራት ይብራ፣ ሰው አጠገባቸው ይሁን፣ የሚያስፈራኝ መውደቅ ነው። ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ይየው። ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም፣ የእጅ መድከም ከጨመረበት ግን እሱ የባህር ነገር አይደለምና ያኔውኑ 911።

ተርሚናል ላይ ደግሞ አሁን ብዙ ቦታ ካሜራ ነው ፊት የሚያነሳው፣ አንድ አፍታ ነው፣ እናትሽ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ ያድርጉ፣ ለምን እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እኔ አክስቴን ድንገት ነጠላሽን አውልቂ ሲሏት ደንግጣ ነበር።

የሜሪላንዷ፦

ተመልሰናል። እንዴት እንደሆነ ልጻፍላችሁ።

የመጨረሻው ማታ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ ሂሳባችን ላይ ያላነሳነው ፎቶ 40 ምናምን ዶላር ተጽፎ ነበር፣ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ሰረዙት፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጠዋት ስናልፍ የሰልፉን ርዝመት አይቼ እናንተን አመሰገንኩ። ሁለተኛ እማዬ ግሪን ካርዷን ቋጥራ ልትከት ስትል ደረስኩባት። ስለ ሲያትሏ እናት ነገርኳት፣ ዝም ብላ አውጥታ ሰጠችኝ።

ታጋችን 23 ቁጥር ነበር፣ ዊልቸሩን ሁለት ቀን ቀድሜ ስላስመዘገብኩ 8:15 ላይ ቲያትሩ በር ጋ ጠበቁን። የገፋት ልጅ ከኢንዶኔዥያ ነው፣ ቋንቋ ሳይገባቸው ሲሳሳቁ ነው የወረዱት፣ ስትሰናበተው ግንባሩን ሳመችው። ሻንጣዎቹን በጥለቱ ከሩቅ አየናቸው፣ አራቱ ወዲያው ተገኙ፣ አምስተኛው ግን 23 ሳይሆን 32 ላይ ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ አስፈለገን። ታጉን ስናስር ባለቤቴ አጣጥፎት ነበር፣ ቁጥሩ በደንብ ካልታየ እንደዛ እንደሚሆን ፖርተሩ ነገረን። ካሜራው ላይ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች፣ በቃ አለፍን፣ ማንም አንድ ቃል አልጠየቀንም።

ያልተሳካው ነገር መኪናው ነው። ሾፌር 954 እንዳልከው መጠበቅ ነበረብን፣ ልጆቹ ሲያለቃቅሱ 9 ሰዓት ላይ ጠራሁ፣ ዋጋው በጣም ከፍ ያለ ነበር፣ የተርሚናሉን ቁጥር ስለጻፍኩለት ግን ሾፌሩ በቀጥታ መጣ። ኤርፖርት ስንደርስ ደግሞ በረራው ገና ሩቅ ስለሆነ ሻንጣ አንቀበልም አሉን፣ በረራው ሊነሳ አራት ሰዓት ሲቀረው እንጂ ከዛ ቀድመው አይወስዱም ለካ፣ ትንሽ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበርና ቀጥሎ የምትሄዱ እወቁት፣ ከሰዓት በረራ ያለው ሰው ከመርከቡ በመጨረሻው ተራ ቢወርድ ነው የሚያዋጣው። ቁርሱም እስከ 8:30 ክፍት ነበር፣ ልጆቹ ተረጋግተው ሊበሉ ይችሉ ነበር።

ኤርፖርት ውስጥ ሙዝና ብርቱካን ገዛሁላት፣ ዳቦው ከመርከቡ ነበር። ሰዓቷን አይታ፣ አማትባ፣ ደመና ላይ ሆነን ገደፈች።

ካቢኑ ውስጥ በር ኋላ መስቀያ ላይ አንድ ፎጣና የትንሿን ጃኬት ረስተን ወጥተን ነበር፣ ክፍሉን የሚያፀዳው ሰውዬ ኮሪደሩን ሮጦ ደረሰብን። የቀረኝን ካሽ ሰጠሁት፣ ግን ይሄን ያህል ሥራ እያለበት፣ በዛኑ ቀን ሌላ ሰው እየገባበት መሮጡ እስከ አሁን ከልቤ አልወጣም።

እማዬ ደህና ናት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ "ይሄ ቤት ዛሬም ይወዛወዛል" ትለኛለች፣ ነርሷ ያልሺውን ሶስት ቀን እየቆጠርኩ ነው፣ ዛሬ ሁለተኛው ነው፣ የኮሪደሩን መብራት አላጠፋሁም።